ቤት ሲሠራ ባለቤቱ ይጠየቅ

ለአዲስ አንባቢዎች የተዘጋጀ የራዲዮ ንግግር፤ መቀሌ

ደብተርና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሕንፃ ነው። «ግንብ የሚገነባው ግንበኛ፣ ፕላን የሚነሣው መሐንዲስ። እኔን ምን አገባኝ?» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። ያገባችኋል። እንዴት እንደሚያገባችሁ ቀስ እያልን እንመልከት።

በአንድ መንደር ትምህርት ቤት ይሠራል እንበል። ሕዝቡ ይጠራል። «ድንጋይ አምጡ» ይባላል፤ ያመጣል። «አሸዋ አቅርቡ» ይባላል፤ ያቀርባል። «መሠረት ቆፍሩ» ይባላል፤ ይቆፍራል። ሥራው አልቆ በሚመረቅበት ቀን ሕዝቡ እንደገና ይጠራና ያጨበጭባል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ሕዝብ ጉልበቱን ተጠይቋል። ጭብጨባውንም ተጠይቋል። ሐሳቡን ግን ማንም አልጠየቀውም። በሩ ወዴት ይዙር? መጸዳጃው የት ይሁን? ጎርፍ በየት በኩል ይመጣል? ይህን ሁሉ የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ጉልበት መጠየቅና ሐሳብ መጠየቅ አንድ አይደሉም።

1. የአገሬው ሰው ምን ያውቃል?

ከመቀሌ እንነሣ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ናት። ዝናቡ አጭር ነው፤ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ነፋሱ ግን ብርቱ ነው። ከከተማው ብዙ ሳይርቅ በአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለውና በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው በከንቱ አይደለም። ነፋሱን ዐውቀው ነው።

አያቶቻችን ግን ነፋሱን ከዚያ በፊት ያውቁት ነበር። በትግርኛ ሕድሞ የምንለውን ቤት አስታውሱ። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። መስኮቱ ትንሽ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። በግድግዳው ላይ ወፋፍራም እንጨት ይጋደማል። በላዩ ቀጫጭን እንጨት ይረበረባል። ከዚያ ጭራሮና ቅጠል ይነጠፋል። በመጨረሻ አፈር ይደለደልና ይጠቀጠቃል።

ይህ ለምን ሆነ? ወፍራም ግድግዳ ሙቀትን ቶሎ አያስገባም፤ ቶሎም አያስወጣም። ስለዚህ ቀን ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሌሊት ሞቅ ይላል። ትንሽ መስኮት ነፋስና አቧራ ይከላከላል። ዝናቡ አጭር ስለሆነ የአፈር ጣሪያ ይበቃል። ጠፍጣፋ ስለሆነም እህል ይሰጣበታል። እንግዲህ ሕድሞ ዝም ብሎ የተሠራ ቤት አይደለም። ብዙ ትውልድ እየሞከረ፣ እያረመ የደረሰበት ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም። በእጅና በዓይን የተላለፈ ነው።

ድንጋዩንም እንይ። በመቀሌ ዙሪያ ያለው ነጣ፣ ቢጫ ያለ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። የመሬት ተመራማሪዎች የአንጣሎ ኖራ ድንጋይ ይሉታል። ስሙ የመጣው ከመቀሌ በስተደቡብ ካለችው ከሕንጣሎ ነው። ይህ ድንጋይ በመሬት ውስጥ እንደ እንጀራ ተነባብሮ የተኛ ነው። ጥሩ ግንበኛ ድንጋዩን ሲደረድር በመሬት ውስጥ እንደተኛው አድርጎ ያስተኛዋል። ካቆመው ይሰነጠቃል፤ ይላላጣል። ደግሞም በመዶሻ መታ አድርጎ ያዳምጠዋል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ድንጋዩ ደኅና ነው። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረ ግንበኛ ድንጋይ ያነባል። ይህ ንባብ አይደለም እንዴ?

ወደ ሰሜን ደግሞ ደብረ ዳሞን አስቡ። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ከ1000 ዓመት በላይ የቆየ ነው። ግንቡ ድንጋይ ብቻ አይደለም። በድንጋዩ መሐል እንጨት እየተጋደመ ያስረዋል። የእንጨቱ ጫፍ ክብ ሆኖ ወደ ውጭ ይወጣል። ሰው የዝንጀሮ ራስ ይለዋል። አይቶ የሚያልፍ ጌጥ ይመስለዋል። ጌጥ ብቻ ግን አይደለም። ግንቡ እንዳይከፈት የሚይዝ ማሰሪያ ነው።

2. ዕውቀት ከሁለት ወገን ነው

እንግዲህ መሐንዲስ አያስፈልግም ማለቴ ነው? አይደለም። የድሮው ሁሉ ልክ ነው ማለትም አይደለም። ሕድሞ ብዙ ወፋፍራም እንጨት ይፈልጋል። ዛሬ ጽድና ወይራ እንደ ልብ አይገኝም። ቢገኝም ለአንድ ጣሪያ ብሎ ዛፉን መጨረስ ጉዳት ነው። የአፈር ጣሪያ ደግሞ ከባድ ነው። በየዓመቱ ካልታደሰ ያፈሳል። እንጨቱ ከበሰበሰ ሰው ላይ ይወርዳል።

ሌላም አለ። መቀሌ ከአፋር ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ሩቅ አይደለችም። በዚህ አካባቢ መሬት ይንቀጠቀጣል። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ወፍራም ግንብ ሲንቀጠቀጥ ይፈርሳል። መሐንዲሱ በግንቡ ዙሪያ የፌሮና የኮንክሪት ማሰሪያ እንዲገባ ያዛል። ግንበኛው ሊያቃልለው አይገባም። የደብረ ዳሞ እንጨት የሚሠራውን ሥራ ዛሬ ፌሮ ይሠራዋል።

ስለዚህ ነገሩን በሐኪም ቤት እንመስለው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የት እንደሚያማችሁ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። ሐኪሙ ይመረምራል፤ መድኃኒት ያዛል። ሕመምተኛውን ሳያናግር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ያስፈራል። መድኃኒቱን ራሱ የሚያዝ ሕመምተኛም ያስፈራል። የሕንፃ ሥራም እንደዚሁ ነው። የፌሮውን ውፍረት የሚያሰላው ባለሙያው ነው። ቤቱ ለምን እንደሚያገለግል፣ ማን እንደሚገባበት፣ ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ የሚናገረው የአገሬው ሰው ነው።

በከተማችን መካከል ያለውን የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ቤተ መንግሥት ሳታዩት አትቀሩም። በ1870ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ፣ በኋላም ሙዚየም የሆነ ነው። ሥራውን የመራው ናሬቲ የሚባል ጣሊያናዊ ባለሙያ ነበር። ግንቡ ግን የዚሁ አገር ድንጋይ ነው። አንድ የውጭ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ድንጋይ ፈልጦ፣ ጠርቦ፣ ደርድሮ አይጨርስም። የናሬቲ ስም በመጽሐፍ ተጽፎ ቀርቷል። የጠራቢዎቹ ስም ግን አይነገርም። ሕንፃ ባያችሁ ቁጥር ይህን አስቡ።

3. ከሌላ አገር ሁለት ምሳሌ

ነገሩ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ። አንዱ የግብፅ ነው። ሁለተኛው የቡርኪና ፋሶ ነው።

በግብፅ፣ በሉክሶር አጠገብ ጉርና የሚባል መንደር ነበረ። ሰዎቹ የሚኖሩት በጥንት ነገሥታትና መኳንንት መቃብር ላይ ነበር። መንግሥት ከዚያ እንዲነሡ ፈለገ። በ1945 እ.ኤ.አ. ሐሰን ፋቲ የሚባል የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ አዲስ መንደር እንዲሠራ ታዘዘ። ፋቲ መልካም ሰው ነበር። ድኾችን የሚያስብ ነበር። ስሚንቶ ውድ ስለሆነ በጭቃ ጡብ ሠራ። ከአስዋን በኩል የጉልላት ሥራ የሚያውቁ የኑብያ ግንበኞችን አመጣ። የሠራው ነገር ያማረ ነበር። እስከ ዛሬም በዓለም ይነገርለታል።

ነገር ግን ከሕዝቡ ብዙው አልገባበትም። መንደሩም ሳያልቅ ቆመ። ለምን? ሰዎቹ ኑሯቸው የነበረው ከድሮው ቦታ ነው። መሄድ አልፈለጉም። ጉልላት ያለው ቤትም ለብዙዎቹ መቃብር ይመስላቸው ነበር ይባላል። ፋቲ ስለ ክፍሉና ስለ ግቢው ሰዎቹን ለመጠየቅ ፈልጎ ነበር። ዋናው ጥያቄ ግን «መነሣት ትፈልጋላችሁ ወይ?» የሚለው ነበር። ያ ጥያቄ እሱ ከመምጣቱ በፊት በሌላ ሰው ተወስኗል። ከዚያ ወዲያ ስለ መስኮት ቢጠይቁ ምን ይጠቅማል?

አሁን ሁለተኛውን ስሙ። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ የሚባል መንደር አለ። ፍራንሲስ ኬሬ የዚያ መንደር ልጅ ነው። በጀርመን አገር በርሊን ስለ ሕንፃ ንድፍ ተማረ። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ለመሥራት ተነሣ። በጭቃ እንሥራ አላቸው። ሰዎቹ ደስ አላላቸውም። «ጭቃማ ዝናብ ያፈርሰዋል። አንተ ፈረንጅ አገር ተምረህ መጥተህ ጭቃ ትለናለህ?» የሚል ጥርጣሬ ነበራቸው።

ኬሬ ምን አደረገ? «እኔ ተምሬያለሁ፤ ዝም በሉ» አላለም። ናሙና ሠራ። ትንሽ የጡብ ቅስት ገንብቶ፣ ሰው ላዩ ላይ ወጥቶ እየዘለለ ፈተነው። አልወደቀም። ሰዎቹ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ መንደሩ በሙሉ ተነሣ። ልጆች ድንጋይ አመጡ። ሴቶች ወለሉን ደልድለው፣ ጠቅጥቀው አለሰለሱት። ወጣቶች ጡብ መሥራትንና መገንባትን ተማሩ። ቆርቆሮው ከጡቡ ጣሪያ ከፍ ብሎ ተሠራ። በመካከሉ ነፋስ እያለፈ ሙቀቱን ይወስዳል። ትምህርት ቤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. አለቀ። ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. ፕሪትዝከር የሚባለውን ትልቁን የዓለም የሕንፃ ንድፍ ሽልማት አገኘ። ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው።

ሁለቱን አስተያዩ። ሁለቱም በጭቃ ሠሩ። ሁለቱም ለድኻ አሰቡ። ልዩነቱ ጭቃው ላይ አይደለም። በጋንዶ ትምህርት ቤቱን ሕዝቡ ፈልጎታል፤ ተጠራጥሯል፤ ተከራክሯል፤ አይቶ አምኗል። በጉርና ግን ዋናው ነገር ከሕዝቡ ጀርባ አልቋል።

4. መቼ፣ ምን እንጠየቅ?

«ሕዝብ ይጠየቅ» ማለት ቀላል ነው። ግን መቼ ነው የሚጠየቀው? አራት ጊዜ አለ። በደብተራችሁ ጻፉት።

አንደኛ፤ ወረቀቱ ከመሠራቱ በፊት። ባለሙያው ፕላኑን ጨርሶ ይዞ መጥቶ «እንዴት አያችሁት?» ቢል ምን ትሉታላችሁ? አፍራችሁ «ጥሩ ነው» ትላላችሁ። ያ መጠየቅ አይባልም። መጠየቅ ማለት ባዶ ወረቀት ይዞ መጥቶ በመሬቱ ላይ አብሮ መዞር ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌው «በዚህ በኩል ክረምት ጎርፍ ይወርዳል» ይላል። እናቶች «ውሃ ስንቀዳ የምናልፈው በዚህ ነው፤ አጥር አትዝጉብን» ይላሉ። እረኛው «ነፋሱ ከዚያ ነው የሚመጣው» ይላል። ይህን የትኛውም መሣሪያ በአንድ ቀን አይለካውም።

ደግሞ ሕዝብ ማለት በስብሰባ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ብቻ አይደሉም። ሴቶችስ? ወለሉንና መደቡን ሲለቀልቁ የኖሩት እነሱ አይደሉም እንዴ? ጭሱ የት እንደሚወጣ የሚያውቁት እነሱ አይደሉም እንዴ? ልጃገረዶችስ? የመጸዳጃ ቤቱ በር ወደ ወንዶች ልጆች ሜዳ ከዞረ አይገቡበትም። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውስ? ደረጃ ብቻ ካለ፣ መወጣጫ ከሌለ፣ በሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሴቶች ለብቻቸውም ተሰብስበው ይናገሩ። ሕፃናትም ይጠየቁ። አስተማሪም ይጠየቅ። እኔ በክፍል ቆሜ የማየውን ልንገራችሁ። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ አስተማሪ ይጮኻል፤ ተማሪ አይሰማም። ይህን በወረቀት ላይ የሚያየው የለም።

ሁለተኛ፤ ወረቀቱ ሲሠራ። እዚህ ላይ ማንበብ ይጠቅማችኋል። ፕላን ማለት ቤቱ ከላይ ሲታይ ያለው ሥዕል ነው። ጣሪያው ተነሥቶ ወደ ውስጥ ቁልቁል እንደምታዩ አስቡ። ወፍራም መሥመር ግድግዳ ነው። የተቋረጠበት ቦታ በር ነው። በፕላኑ ጥግ 1፡100 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ይህ መስፈርት ይባላል። በወረቀት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው በመሬት ላይ 100 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 1 ሜትር ነው ማለት ነው። እስቲ እንሞክር። በወረቀት ላይ ክፍሉ 7 ሳንቲ ሜትር በ8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በመሬት ስንት ይሆናል? 7 ሜትር በ8 ሜትር ይሆናል። ጎበዝ!

ወረቀቱ ካልገባችሁ ደግሞ ፕላኑን መሬት ላይ አውርዱት። ገመድና አመድ ይበቃል። የ12 ሜትር ገመድ ውሰዱ። በ3 ሜትር ላይ አንድ ቋጠሮ፣ በ7 ሜትር ላይ ሌላ ቋጠሮ አድርጉ። ሁለቱን ጫፎች አገናኙ። ሦስት ሰዎች፣ አንዱ የገመዱን ጫፎች፣ ሁለቱ ሁለቱን ቋጠሮዎች ይዘው አጥብቀው ይወጥሩት። በ3 ሜትሩ ቋጠሮ ላይ ትክክለኛ ማዕዘን ታገኛላችሁ። ይህን ግንበኞቻችን ያውቁታል። እንዲህ እያላችሁ የክፍሉን ልክ በአመድ አስምሩ። ከዚያ ግቡበት። ተቀመጡበት። በበሩ ውጡ፤ ግቡ። 50 ተማሪ ይቀመጥበት ዘንድ ይሞከር። ጠባብ ከሆነ አመድ ማጥፋት ቀላል ነው። ግንብ ማፍረስ ግን ከባድ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ሦስተኛ፤ ግንባታው ሲካሄድ። ሥራው የሚጠራበት ወቅት ይታሰብ። በሰኔና በሐምሌ ገበሬ ይዘራል። በጥቅምትና በኅዳር ያጭዳል። በእነዚህ ወራት «ለሥራ ውጡ» ማለት እህልን መጣል ነው። የጭቃ ግንብም በክረምት ይታጠባል። ከጥር እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይሻላል።

የጉልበት ነገርም በግልጽ ይነገር። በትግራይ ሕዝቡ ለዓመታት ያለ ክፍያ ወጥቶ እርከን ሠርቷል፤ ተራራ ከልሏል። ትግራይ ለዚህ ሥራ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፍ ድርጅት የወርቅ ሽልማት አግኝታለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሆኖም ሕዝቡ በፈቃዱ የሚሰጠው ጉልበት ሌላ ነው። ለደመወዝ የተያዘ ገንዘብ እያለ በነፃ ማሠራት ሌላ ነው። ስለዚህ «ለቀን ሠራተኛ የተያዘው ገንዘብ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የአካባቢው ጠራቢና ግንበኛ ቅድሚያ ያግኝ። ወጣቶች በአጠገቡ ይመደቡና ይማሩ። እንደዚያ ከሆነ ከሕንፃው ሌላ ሙያም ይተርፋል።

አራተኛ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸ ነው። ቁልፉ በማን እጅ ይቀመጣል? የውሃ መውረጃውን ማን ይጠርጋል? ቆርቆሮ ሲገነጠል ምስማር የሚገዛው ማን ነው? በማሊ አገር ጄኔ የምትባል ከተማ አለች። ትልቅ የጭቃ መስጊድ አላት። የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ በአንድነት ወጥቶ መስጊዱን በጭቃ ይለስነዋል። ሥራው እንደ በዓል ነው። የአሁኑ ሕንፃ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው በዚህ ነው። ሕድሞአችንም እንደዚያው ነበር። ከክረምት በፊት ጣሪያው ላይ አፈር ይጨመር ነበር። የእኔ ነው ያለውን ሰው ይጠግናል። የእኔ አይደለም ያለውን ግን «የመንግሥት ነው» ብሎ ያልፈዋል።

5. ሳታነቡ አትፈርሙ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ክፍል አጥብቃችሁ ያዙት። ስብሰባ ሲደረግ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። «ሕዝቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ፊርማ ይጠየቃል። ማንበብ የማይችል ሰው በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ምን እንደተጻፈ ግን አያውቅም። ምናልባት የተስማማው ትምህርት ቤት እንዲሠራ ነው። የተጻፈው ግን እርሻውን ያለ ካሣ እንደለቀቀ ሊሆን ይችላል።

እናንተ ግን አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ስድስት ነገሮች ፈልጉ።

ሀ. የስብሰባው ቀንና ቦታ ተጽፏል ወይ?
ለ. የሚሠራው ነገር ምንድን ነው? የትኛው መሬት ላይ ነው?
ሐ. መሬት የሚለቅ ሰው አለ ወይ? ካለ ካሣው ስንት ነው? መቼ ይከፈላል?
መ. ሕዝቡ የሚያዋጣው ምንድን ነው? ስንት ቀን ጉልበት? ስንት ብር?
ሠ. ያልተስማማ ሰው ካለ ሐሳቡ ተጽፏል ወይ?
ረ. ሥራው ሲያልቅ የሚረከበው ማን ነው?

አንዱ ከጎደለ «ይጨመርልን» በሉ። በትሕትና ተናገሩ፤ ግን ተናገሩ። ጽሑፉ ረጅም ከሆነ «ነገ እንመልሰዋለን» በሉ። ጮክ ብሎ ይነበብላችሁ። በቋንቋችሁ ይነበብላችሁ። ግልባጩን ጠይቁ። በጣቢያው ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን በእናንተም ዘንድ ይቀመጥ።

«ይህን ሁሉ ብንጠይቅ ፕሮጀክቱ ወደ ሌላ መንደር ቢሄድብንስ?» የሚል ሥጋት አለ። እውነት ነው፤ ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን አይጠይቅ። አብራችሁ ጠይቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ባለሙያውም ቢሆን ጥያቄ ሲበዛ ሊከፋው አይገባም። ዛሬ በአመድ የሚታረም ነገር ነገ በዲጂኖ ከሚፈርስ ይሻለዋል።

6. ጉዳዩ ለምን ዛሬ ይነሣል?

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በመካከሉ የጠፋው የሰው ሕይወት በቁጥር አይገለጽም። ብዙ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና መኖሪያ ቤቶችም ፈርሰዋል፤ ተዘርፈዋል። በመቀሌ ብዙ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ከቤተሰብ በአንሶላ ተጋርዶ ኖሯል።

የፈረሰ ሁሉ መልሶ መሠራት አለበት። ችኮላ ይመጣል። «ቶሎ ይሠራ እንጂ ምን መጠየቅ ያስፈልጋል?» የሚል ይመጣል። አንድ ዓይነት ፕላን ለተራራውም ለሜዳውም ይታደላል። እኔ ግን እላለሁ፤ መጠየቅ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ቤቱን፣ ዘመዱን፣ ከብቱን ላጣ ሰው ሌላ ሰው ያሰበለትን ቤት ብቻ መስጠት አይበቃም። «ቤትህ እንዴት ይሁንልህ?» ተብሎ መጠየቅ ራሱ የክብር መመለስ ነው። በክፍል ውስጥ ተጠልለው የኖሩ እናቶችም ይጠየቁ። ውሃው ምን ያህል እንደራቀ፣ ሌሊት መጸዳጃ መሄድ ምን ያህል እንደሚያስፈራ፣ ጭሱ ልጆቹን እንዴት እንዳሳለ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሚቀጥለው ትምህርት ቤት ሲነደፍ የእነሱ ቃል ከመሐንዲሱ ሜትር ጎን ይቀመጥ።

ውድ አድማጮች፣ በመንደራችሁ የመሠረት ችካል ሲተከል ስታዩ ቆማችሁ አትመልከቱ። ጠጋ በሉ። ፕላኑን አሳዩን በሉ። መስፈርቱን ፈልጉ። አንብቡ። ያልገባችሁን ጠይቁ። የምታውቁትን ተናገሩ።

የአዳዲስ ቃላት ፍቺ

ፕላን፦ ቤቱ ከላይ ሲታይ ያለው ሥዕል።
መስፈርት፦ የወረቀቱ ልክ በመሬት ስንት እንደሚሆን የሚያሳይ ቁጥር።
ናሙና፦ ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሙከራ የሚሠራ ትንሽ ሥራ።
ቃለ ጉባኤ፦ በስብሰባ የተባለውና የተወሰነው የሚጻፍበት ወረቀት።
ካሣ፦ ለጠፋ ወይም ለተወሰደ ነገር የሚከፈል ዋጋ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ ወይም በሠፈራችሁ መጨረሻ የተሠራው ሕንፃ ምንድን ነው? ፕላኑ ከመሠራቱ በፊት ማን ተጠየቀ?
2. በዚያ ሕንፃ ውስጥ የማይመቸው ነገር ምንድን ነው? ብትጠየቁ ኖሮ ምን ትሉ ነበር?
3. የጉርናና የጋንዶ ሕዝብ ታሪክ በምን ይለያያል?
4. በ1፡100 መስፈርት 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግድግዳ በመሬት ላይ ስንት ሜትር ነው?
5. የ12 ሜትር ገመድ አዘጋጅታችሁ በግቢያችሁ ትክክለኛ ማዕዘን አውጡ። በአመድ አስምሩት።

መልሱን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት። ማንበብ ላልጀመረ ሰውም ይህን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። በሚቀጥለው ትምህርታችን እስክንገናኝ በደኅና ቆዩ።